ሦስት መቶ ስድሳ ስድስተኛው ቀን

በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴን ለቀምት በምንልበት ጊዜ፣ እዚያ በአንድ የጤና ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ቀንን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። የወባ በሽተኞች የታመሙበትን ቀን ከመስከረም አንድ ጀምሬ እቆጥራለሁ፤ ጥቅምት አምስት ሠላሳ አምስት ይሆናል፣ የጳጉሜን መጨረሻ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት። ከዚያ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ እያደረግሁ በመስመር አያይዛለሁ። አለቃችን ኪኒን እንዲላክ የሚጽፉት ያንን መስመር አይተው ነው።

ወባ የሚበዛባትን የቆላዋን የኡኬን የበሽተኞች ዝርዝር የሚያመጣልን የዚያው አገር ልጅ የሆነ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር። የበሽተኞቹ እናቶች ቀን ሲጠየቁ «ከገበያው በሦስተኛው» ነው የሚሉት። እሱ ቤት ለቤት ዞሮ፣ በኦሮምኛ ጠይቆ፣ ቀኑን ያወጣዋል። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኡኬ ላይ ወባ ገባ። ነሐሴ መጨረሻ ጀመረ፣ በጳጉሜን ከፋ፣ በመስከረም ባሰበት። ዘመን ሲለወጥ ግን ቁጥሩ እንደ ደንቡ ወደ አንድ ተመለሰ። ግማሹ በሽተኛ በአሮጌው ዓመት ወረቀት ጫፍ፣ ግማሹ በአዲሱ መጀመሪያ ላይ ቀረ። ሁለቱም ትንሽ ጉብታ መሰሉ።

ድሬሰሩ አይቶ፣ «ኦቦ፣ ይሄ እኮ አንድ በሽታ ነው። ለምን ለሁለት ከፈሉት?» አለኝ።

ልክ ነበር። መስከረም አንድን ሦስት መቶ ስድሳ ስድስት ብዬ፣ ሁለቱን ወረቀት ቀጥዬ እንደገና ሠራሁት። መስመሩ ተራራ ሆነ።

አለቃችን ወረቀቱን አይተው ዓመት ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሦስት መቶ ስድሳ አምስት አልኳቸው።

«ታዲያ ይሄን ትርፍ ቀን ከየት አመጣኸው?»

ማስረዳት እችል ነበር። ግን ካገሬ ርቄ የመጣሁት ለዚያች ወንበር ነውና ፈራሁ። የቀጠልኩትን ገንጥዬ፣ እንደ ፊቱ ሁለቱን ለየብቻ ፈርሜ ሰጠኋቸው።

ጉብታዎቹ የሚያስቸኩሉ ስላልመሰሉ ኪኒኑ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ደረሰ። ድሬሰሩ ታናሽ እህቱን ቀብሮ ነበር። ሲመለስ ዝርዝሩን እንደ ወትሮው ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፤ እሷም በእጁ ጽሑፍ ከሌሎቹ መሃል ተጽፋለች። ነፍስ ይማር አልኩት።

«ቀኗን ይለውጡት» አለኝ።

ለወጥኩት። አሥራ ዘጠኝ መጣ። ነጥቧን አዲሱ ወረቀት ላይ ሳደርግ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ ኮቱን ደርቦ ወጣ። አለቃችን በዓመቱ ተሹመው ተዛወሩ። እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም፤ እስካሁንም ይቆጨኛል።