ስም የሌለው ብልቃጥ

ኢታፈራሁ በሰው ደግነት ቶሎ የምትታለል ሴት አይደለችም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ከደብረ ታቦር ሳዑዲ፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ ድረስ ይዛው መጥታለች፤ አራት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራም አልጣለችውም። ስለዚህ አሠሪዋ ኡም ጃቢር ቅዳሜ ጠዋት፣ «ያላ፣ ልበሺ፤ ፊትሽን ሐኪም ይየው» ስትላት ነገሩን ጠረጠረችው።

ጉንጯ ላይ ያሉት ጉድጓዶች የልጅነት ብጉር ጠባሳ ናቸው። ያስጨነቃት ግን ዓመት ያለፈው መቅላት ነው። ጠባሳ ያጠፋል ተብላ ኸውላ ከምትባል ልብስ ሰፊ የገዛችውን፣ ስም በሌለው ብልቃጥ ያለ ነጭ ቅባት ትቀባለች። ሁለት ቀን ካቋረጠች ፊቷ በርበሬ እንደነካው ይለበልባታል። «እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ትላለች፤ ደግማ ትቀባለች።

መኪና ውስጥ ስታብሰለስል ሄደች። በሽታ ተገኘባት ይሉና ወደ አገሯ ይሸኟታል። ለእናቷ የጀመረችው ቤት ደግሞ ገና ጣራ አልለበሰም።

ሱዳናዊቷ ሐኪም ፊቷን በመብራት አየችና፣ «ምን ትቀቢያለሽ?» አለቻት።

«ምንም። ውኃና ሳሙና ብቻ።»

የዋሸችው ወዳ አይደለም። ስም የሌለው ብልቃጥ ከሠራተኛ ትራስ ሥር ከተገኘ ስሕር ነው፣ ድግምት ነው ይባላል። ጎረቤት ትሠራ የነበረችው ዓይናለም የተባረረችው በአንድ ጠርሙስ ጠበል ሰበብ ነው።

ሐኪሟ ግን አላመነቻትም። «ይሄ ቅላት የቅባት ሥራ ነው፤ ኮርቲዞን የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ሳይኖርበት አይቀርም። ጠባሳው በሌዘር ይሻሻላል፣ ግን መጀመሪያ ቅባቱ ይቁም። ስታቆሚው ይብስብሻል፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢበት። ወራት ይፈጃል።»

የጠየቀችው ኡም ጃቢር ናት። «ስንት ወር? ለዓይን አያሰጋም? በአንዴ ነው የሚተወው ወይስ ቀስ በቀስ?»

ለሠራተኛ ፊት ይህ ሁሉ ጥያቄ! ነገር አለ፣ አለች ኢታፈራሁ በልቧ።

ነበረም። ኡም ጃቢር መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተር ሳታስነሳ ቆየች። ከዚያ ኒቃቧን ገልጣ፣ ቤት ውስጥ እንኳ የፊት ዱቄት የማይለየውን ጉንጯን በመሐረብ ጠረገችው። ከዱቄቱ ሥር ቲማቲም መስሏል። ከቦርሳዋ ያወጣችው ብልቃጥም ያው የኸውላ ብልቃጥ ነው።

«መጀመሪያ ሰሞን ፊትሽ ሲያበራ አይቼ፣ ኸውላን ጠይቄ ገዛሁት» አለች። «እኔን ራሴን ሐኪም ቢያየኝ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ኸላስ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ኢታፈራሁ ባለመባረሯ እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። የእሷ ፊት ለእመቤቷ ፊት መጠየቂያ ሆኖ ነበር።

ሁለቱም ቅባቱን በአንድ ቀን አቆሙ። ኡም ጃቢር መጋረጃ ዘግታ ተኛች። ኢታፈራሁ እየተለበለበች ምድጃ ፊት ቆመች፤ የእመቤቷን ጨርቅ እያረጠበች የምታመላልሰውም እሷው ናት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጨርቅ አረጠበች። አንዱን ፊቷ ላይ አድርጋ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ኡም ጃቢር ከመኝታ ቤት ሁለት ጊዜ ተጣራች። ኢታፈራሁ ግን የፊቷ ጨርቅ እስኪሞቅ አልተነሳችም።