ማሞቂያው ቀጥ ያለ ዕለት

ዛሬ የመጨረሻ ልጄ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

ሁለተኛ ዲግሪዋን በጤና ኢንፎርማቲክስ ጀምራለች፤ ትኩረቷ የሕክምና መሣሪያዎችን ይዞታ በኮምፒውተር መከታተል ነው። «እማዬ፣ በእናንተ ጊዜ ማሽን ሲበላሽ ማን ይጠግን ነበር?» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የተኛበት ማሞቂያ ቀጥ አለ።

መመሪያው በጀርመንኛ ነው። ከካድሬው እስከ ዘበኛው የሚያነበው አልነበረም።

እናቱ «ሲስተር፣ በመድኃኔዓለም፣ አንድ ነገር አድርጊ!» ትለኛለች። እኔ ማብሪያውን ደጋግሜ ከመጫን በቀር ምን አውቄ!

ሕፃኑን በጥጥ ጠቅልለን እናቱ ደረት ላይ አስተኛነው። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው መኪና ሳይመጣ እዚያው ሕይወቱ አለፈ።

ልጄ ይህን ሰምታ፣ «እማዬ፣ አሁንም እኮ ስንቱ ማሽን ጠጋኝ አጥቶ ቆሟል» አለችኝ።

እንዲህ የገጠማችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናንተስ እናትየውን ምን አላችኋት?