መሪጌታ ገብረመድኅን እና የበረዶው ቀን ቅኔ

የዚያን የጥር ማርያም ማለዳ ዝናቡ መሬት ሲነካ እዚያው ወደ በረዶ ይለወጥ ነበር። ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ ያለው የአፓርታማችን ግቢ ዛፎች በመስታወት የተለበጡ መስለው ቅርንጫፋቸው በየተራ ይሰበራል። የምሠራበት ኤርፖርት በረራው ሁሉ ስለተሰረዘ ሥራ አልነበረኝም፤ ተኝቼ ለመዋል አስቤ ነበር። ስልኬ ጮኸ።

"ዓለምጌጥ፣ ተነሥተሻል?"

"ተነሥቻለሁ። መሪጌታ፣ መንገዱን አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ። ቀስ ብለሽ ነይ።"

እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ኮቴን ደርቤ ወጣሁ።

መሪጌታ ገብረመድኅንን ያወቅኳቸው ኤርፖርት ነው። ሁለታችንም መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር እንገፋለን። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሴት ልጃቸው ጸጋ ናት ወደ አርሊንግተን ያመጣቻቸው። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ የምሄደውም ቤድፎርድ ወዳለው የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ግዕዝ የሚባል ነገር አላውቅም። እርሳቸው ደግሞ የሚያስቡት በግዕዝ ነው። ዊልቸሩን እየገፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዴ አንዲት ነጭ አሮጊት ለእርሷ የሚጸልዩላት መስሏት እጃቸውን ይዛ አመሰገነቻቸው።

"ታዲያ ምን አሏት?" አልኳቸው።

"ምን እላታለሁ? አሜን አልኋት።"

መኪና አይነዱም። ልጃቸው አስተምራቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው ነበር፤ አንድ ቀን ስንኝ ሲፈልጉ መውጫውን አልፈው ፎርት ወርዝ ደረሱና ቁልፉን መለሱላት። አርሊንግተን ውስጥ ባቡር የለም። ሶ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያናቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

ቅኔ እንደኛ መዝሙር አይደለም። ለዕለቱ አዲስ ይደረሳል፣ አንዴ ይባላል፣ በቃ። የአምናውን መድገም ለባለቅኔ ነውር ነው። ደግሞ ባለቅኔው ራሱ አያዜመውም፤ አጠገቡ ለቆመ ሰው በዝግታ ይነግረዋል፣ ያኛው እየተቀበለ በዜማ ለሕዝብ ያሰማል። ተቀባዩ ግዕዙ ካልገባው ቅኔው እዚያው ይሞታል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። ድሮ የሚቀበሏቸው ካህን ወደ ሲያትል ሄዱ። የቀረው ዲያቆን ኖላዊ ነው፤ ትራክ ይነዳል፣ ድምፁ ያምራል፣ ግዕዙ ግን ብዙም አይደለም። የአምናውን ቅኔ ሰው በስልክ ቀርጾት ስለነበር ትራኩ ውስጥ እየሰማ በቃሉ ይዞታል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ አምሃም ይህን አይተው፣ "ዘንድሮ ከሂውስተን ሊቃውንት ይመጣሉ፤ ኖላዊ ፊታቸው ቢደናቀፍ እናፍራለን። ያንኑ ይድገሙልን፣ አለዚያ ቅኔው ይቅር" አሏቸው።

መኪና ውስጥ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። "ያለፈውን ከደገምሁ ባለቅኔነቴ ዛሬ አለቀ" አሉ።

ሃይዌዩ ላይ እንደ ኤሊ ነው የምንሄደው። ትራኮች ዳር ዳር ተንሸራተው ቆመዋል። እኔ መሪውን ጨብጬ ጌታን እጠራለሁ፣ እርሳቸው በመስኮት እያዩ ያንጎራጉራሉ። መሃል ላይ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ያዘጋጀሁትን ተውሁት" አሉ።

"ምነው?"

"እርሱ ፀሐይ ለወጣበት ቀን ነው። ሌላ መጣልኝ።"

"አሁን? መሪጌታ፣ አቶ አምሃ እኮ ያብዳሉ።"

"በዚህ ብርድ ማን ያብዳል።"

ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። የሂውስተን እንግዶች ከቤታቸው አልተነሡም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሙቀት ስላለ እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ቅዳሴው ሲያልቅ አቶ አምሃ መጡ።

"መሪጌታ፣ እንግዶቹ ቀርተዋል። እንግዲህ ቅኔውም ይቅር፤ ለማን ሊባል ነው?"

መሪጌታ ቀና ብለው የማርያምን ሥዕል አዩ። "ባለ በዓሏ መጥታለች" አሉ።

አቶ አምሃ ወደ ኖላዊ ዞሩ። ኖላዊ አንገቱን እያሻሸ፣ "ማለቴ፣ መሪጌታ፣ አዲስ ከሆነ ይጠፋብኛል" አላቸው።

"ይጥፋብህ። እኔ አጠገብህ አለሁ።"

ጀመሩ። መሪጌታ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ይነግሩታል፣ እርሱ ያዜማል። ሁለቱ ስንኝ ደኅና ሄደ። ሦስተኛው ላይ ኖላዊ ግማሹን አለና ቆመ። አቶ አምሃ ወለል ወለሉን ያያሉ። መሪጌታ አልተቆጡም፣ አልቸኮሉም፤ ያንኑ ስንኝ እንደገና ነገሩት። አልያዘውም። አሁንም ነገሩት፣ ይበልጥ ቀስ ብለው፣ መቋሚያቸውን በስሱ መሬት እየነኩ። ኖላዊ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሲለቀው ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ የቀረውንም አንዴ እየሰማ ብቻ ጨረሰው። ሽማግሌዎቹ፣ "ይበል፣ ይበል" አሉ። እኔ ቃሉ ባይገባኝም መሪጌታ አስበው ያመጡት ነገር ሳይጎድል መውጣቱ ገብቶኛል።

አቶ አምሃ ለካ ስልካቸውን አላወጡም ነበር። "አይ፣ ሳልቀርጸው" ሲሉ መሪጌታ፣ "ጎሽ" አሏቸው። አቶ አምሃም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ድገሙልን ብለው አያውቁም።

በር ላይ ኖላዊ ደረሰብን። "መሪጌታ፣ መንገድ በማልወጣበት ቅዳሜ ልምጣና ያስተምሩኝ።"

"ከፊደል ነው የምትጀምረው።"

"ኦኬ።"

ስንመለስ ቅኔው ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው። "መንገዱ ሁሉ በበረዶ ሲዘጋ አንቺ ያልተዘጋሽ መንገድ ነሽ ይላታል" አሉኝ። "በአማርኛ ስነግርሽ ግን እንዲህ ይደርቃል።" ከዚያ አንቀላፉ፤ እኔ እየተንፏቀቅኩ አደረስኳቸው።

መሪጌታ ገብረመድኅን አሁንም አርሊንግተን ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በሥራ ቀን ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፣ ቅዳሜ ኖላዊን ያስተምራሉ፣ በዓል ሲሆን አዲስ ቅኔ ይሰጣሉ።