ባርኔጣው የቀደመበት ኮረብታ

ቬልዳ ኮረብታው ላይ ፒካፗን አቁማ ስትወርድ ነፋሱ በሩን ከእጇ ነጠቃት። ሰኔ ሊያልቅ ነው። ቲምፕሲላ የሚባለው የሜዳ ሥር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ግንዱ ደርቆ ይቆረጥና ነፋስ እያንከባለለ ይወስደዋል፣ ከዚያ በኋላ ሥሩ አፈር ውስጥ የት እንደተኛ አንተም አታውቅ፣ እሱም አይነግርህ።

ባሏ ኦርሊን ከሞተ ቅዳሜ ዓመቱ። እኛ የአሜሪካ ነባሮቹ ላኮታዎች ጋ የሙት ዓመት ድግስ ያለ ቲምፕሲላ ሾርባ ምኑ ድግስ ነው? ጠዋት የሟቹ እህት ማርሊስ ደውላላት ነበር። ማርሊስ ምራቷን ሳትነካካ ውላ አታውቅም።

«ምራቴ፣ እንደተኛሽ ነው አይደል? በቃ ከሱቅ ድንች ልግዛ?»

«ድንች ብታበዪው ከመቃብሩ ተነስቶ ይሰድብሻል።»

«ይነሳልኝ! የወሰደብኝን ክሪክም ይመልስ።»

ሳቁ፣ ሳቁ፣ ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭጭ አለ።

አንዱን ቲምፕሲላ ቶሎ አገኘችው፣ ያንን ፀጉራም ግንዱን። መቆፈሪያ ብረቱን ሰክታ፣ ተደግፋ ወዘወዘችው፣ እንቁላል የሚያህል ሥር ብቅ አለ። ደስ አላት። ቀና ስትል ግን ክው አለች፤ ቅርንጫፉ ወዴት እንደጠቆመ ሳታይ ነቅላዋለች።

ቲምፕሲላ በቅርንጫፉ ቀጣዩን ዘመዱን ይጠቁማል፤ ይህንን እኛ ጋ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ቬልዳም ጠፍቷት አይደለም። ግን ማየቱ የኦርሊን ሥራ ነበር። እሷ ስታጎነብስ እሱ ቅርንጫፉን ተከትሎ ይሄድና፣ ሌላው አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን እያውለበለበ፣ «ነይ እንጂ አሮጊት፣ ይሄኛው እንዳንቺ ሊደርቅ ነው» ይላት ነበር።

የነቀለችውን እጇ ላይ አዟዟረችው። ወዳዞረችው ሁሉ ይጠቁማል። ወዲህ ሄደች፣ ሳር። ወዲያ ሄደች፣ ሳር። ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ ማንም «ነይ» የሚላት የለም። ፒካፑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ ድንቹም ትዝ አላት። የኦርሊን ባርኔጣ ከፊት መስታወቱ ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ እሱ ካስቀመጠው ወዲህ አልነካችውም።

አነሳችው።

ስትዞር ስትዞር ሁለተኛውን አገኘች። አሁን አልቸኮለችም። ቅርንጫፉ ወደጠቆመበት ሄደች፣ እውነትም ሌላ አለ፤ ባርኔጣውን እዚያ አስቀምጣ ድንጋይ ጫነችበትና ተመልሳ ቆፈረች። ከዚያ ወደ ባርኔጣው። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ እሱ እየቀደመ እሷ እየተከተለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሥሮቹን ጭራ ስትጎነጉን ጉንጉኑ ክንዷን አከለ። ለአንድ ድስት ይበቃል።

ቅዳሜ ማርሊስ ድስቱን ከፍታ አየች።

«ይህን ሁሉ ብቻሽን? ማን ረዳሽ?»

«ያው ወንድምሽ ነዋ። ዘንድሮም አልቆፈረም።»

ማርሊስ ልትስቅ ብላ ድስቱን መልሳ ከደነች። ቬልዳ በእኛ ወግ ለሙት እንደሚደረገው የመጀመሪያውን ጭልፋ ለኦርሊን በሳህን ቀዳችና ብቻዋን ወደ ውጭ ይዛው ወጣች።