በአራተኛው ዋገን

ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ የባቡር ጣቢያው ዕቃ መዛኝ ከእኅቱ ባል አንድ አጭር መልእክት ደረሰው፦ «እናታችን ነገ ጠዋት በአራተኛው ዋገን ይገባሉ።»

መዛኙ የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሆኖም በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ለይቶ አውቋል፤ ካሪጅ ሰው ይጭናል፣ ዋገን ዕቃ ይጭናል። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም ፉርጎ ናቸው፤ በጣቢያው መዝገብ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ አያውቅም። እናቱ ደግሞ ወር ሙሉ ሐኪም ቤት ተኝተው ከርመዋል።

ወደ እኅቱ ባል ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

«አስከሬን ነው የሚልኩልኝ» አላት ሚስቱን።

«ሟርተኛ! ይገባሉ እኮ ነው የሚለው።»

«በዋገን?»

«አንተማ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ!»

የሥራ ባልደረቦቹም «ማኅተሙስ» ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም፤ የፉርጎውን ማኅተም በእጁ ሳይዳስስ ጭነት ተቀብሎ አያውቅም።

ማክሰኞ ማለዳ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ወጣ። ባቡሩ ከፊት ዕቃ፣ ከኋላ ሰው ጭኖ ገባ። መዛኙ ከሞተሩ ጀምሮ ቆጠረና በአራተኛው በር ፊት ቆመ።

«ክፈተው» አለው ጥበቃውን።

«ሽንኩርት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ሽንኩርት የሚለው ወረቀቱ ነው። ክፈተው አልኩህ!»

ማኅተሙ ተቆረጠ። መዛኙ ገባና በከረጢቶቹ መካከል ረዘም ያለ ሣጥን ፈለገ። ሣጥን የለም። ከኋለኛው ረድፍ ጀርባ ሊኖር ይችላል ብሎ ከረጢት ያነሣ ጀመር። ግማሹ ሽንኩርት በጉዞው ተጨፍልቆ ኖሮ፣ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር።

«አንተ ልጅ! እኔን እዚያ ገትረህ እዚህ ሽንኩርት ትለቅማለህ?»

ዘወር ሲል፣ እናቱ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ከበሩ ሥር ቆመዋል።

«እማዬ!»

«ምን ያስለቅስሃል? ጥቁሩስ ለማን ነው?»

«ለ... ለብርዱ ነው።»

«ተወኝ እባክህ! ገና ሳልሞት ቀብረኸኛል። ና ቦርሳውን ያዝ፤ የሞተ ሰው ይህን ያህል አይሸከምም።»

ቤት አድርሷቸው፣ ቁርስ ቀምሰው ጋደም ሲሉ፣ መዛኙ ወደ ጣቢያው ተመለሰ። እናቱ የመጡበት አራተኛው የመንገደኞች ፉርጎ ገና ከሐዲዱ አልተነሣም ነበር። በጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበበ። የሚለው ዋገን አይደለም፣ ካሪጅም አይደለም፤ በመዝገቡ የሌለ ሦስተኛ ስም፣ ኮች ነው።