የወንድሜ የክርስትና ስም

አጎቴ የደወለልኝ የአሮጊቷን እግር እያጠብኩ ሳለ ነው። አሮጊቷ እዚህ አቴንስ ቤታቸው አድሬ የማስታምማቸው ግሪካዊት ናቸው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ያዝኩት።

«ልጄ፣ ተቀምጠሻል?» አለኝ አጎቴ። ተንበርክኬ ነበር። «አትላስን በፌሮ ጭንቅላቱን መቱት። ትናንት ቀበርነው።»

ከዚያ የማስታውሰው የአሮጊቷን ጩኸት ነው። ቁርጭምጭሚታቸውን ጨምድጄ ይዤው ኖሯል፤ ጣቶቼን ስፈታ ቆዳቸው ላይ አራት ቀይ መስመር ቀርቷል።

አትላስ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቃሊቲ፣ መጋዘን በር ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ አባታችንም ወገቡ እስኪጎብጥ የተሸከመው እዚያው ነው። አጎቴ እንደነገረኝ ስኳር የጫነ ተሳቢ ገብቶ ሁለት ቡድኖች ተራው የእኛ ነው፣ የእኛ ነው ተባባሉ። ድንጋይ ተወራወሩ፣ የአንዱ መንጋጋ ተሰበረ፣ ሽማግሌ ገባና በረደ ተባለ። እነ ወንድሜ ማራገፍ ጀመሩ። ጆንያ ጀርባው ላይ አድርጎ ጥቂት እንደተራመደ ከሌላው ቡድን አንዱ ፌሮ ይዞ ከኋላው መጣ። የወንድሜ ጓደኞች ጆንያውን ጣለው፣ ጣለው እያሉ ጮኹለት። እሱ ግን አልጣለም። ሁለት እጁ ከራሱ በላይ ጆንያውን እንደጨበጠ ነው የተመታው። ከወደቀ በኋላም ደግመውታል። ስኳሩ ፈሶ ደሙን ጠጣው አለኝ አጎቴ፤ ይህን ባይነግረኝ ምን ነበረበት።

አልቅሼ ሳልጨርስ የጠየቅሁት ማን ብለው እንደፈቱት ነው። ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይደረግም፤ ሰፈር የሚጠራበት ስም መቅደስ አይገባም። አጎቴ ስለ ቀብሩ ሰው ብዛት ማውራት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ማን ተባለ?»

«ቄሱ ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። ወልደ ማርያም በሉት አልኳቸው።»

«ስሙ ነው?»

«አይመስለኝም። ሬሳ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ምን ልበል?»

ስለዚህ ወንድሜ በሌላ ሰው ስም ተፈትቶ ተቀበረ።

ይህ ጥፋት የተጀመረው ገና በአርባ ቀኑ ነው። እናቴ እርጉዝ ሳለች አባቴ ከባቡር በወረደ አንድ የእንጨት ሳጥን ላይ ሥዕል ያያል፤ ጡንቻው የተወጣጠረ ራቁት ሰው ዓለምን በትከሻው ተሸክሞ። ይሄ ማነው ብሎ የመጋዘኑን ጸሐፊ ሲጠይቀው አትላስ የሚባል የጥንት የግሪክ ጀግና ነው አለው። አባቴ ማታ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ስም አገኘሁለት አለ። እሱ ጆንያ ተሸክሞ ቀረ፤ ልጁ ዓለምን ይሸከማል። እናቴ ሌላ ስም አስባ ነበር፤ ምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረችንም።

ልጁ ክርስትና ሲነሳ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ያወርደዋል። ነጭ ልብሱን ይዤ እናቴ አጠገብ ቆሜአለሁ። ቄሱ ስሙን ጮክ ብለው ተናገሩ። ሰምቻለሁ። «ኃይለ» ብለው እንደጀመሩ አሁንም ይሰማኛል፤ ቀጥሎ ያለው የለም። ደብሩ ስሙን የጻፈበትን ወረቀት አባቴ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ይኸው የደወለልኝ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው፣ አፉን አልሰበስብ አለ። ሰው ሁሉ በሚሰማበት ሳቅ እያለ፣ «ቄሱ በጸበል አጠቡት፣ አንተ ግን ለጣዖት ገብረኸዋል» አለው። አባቴ የዣንጥላውን እጀታ ገልብጦ አፉ ላይ መታው። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ጭቃው ላይ ወደቀ። የልጁ የክርስትና አባት፣ የአባቴ የሸክም ጓደኛ፣ ሊገላግል መሃል ገባና ሁለተኛው ምት ቅንድቡን ተረተረው። እናቴ ሕፃኑን እኔ ላይ ጥላ ሮጠች። ሴቶች ኡኡ አሉ። አጎቴ ድንጋይ አንስቶ የአባቴን ደረት መታው። እኔ ሕፃኑን በነጭ ልብሱ ጠቅልዬ ጆሮውን ስደፍን የራሴን ጆሮ ማን ይድፈንልኝ፤ የሰማሁት ስም በዚያ ጩኸት ታጥቦ ሄደ።

ወረቀቱ በዝናቡና በደሙ ተለውሶ ከሸሚዙ ጋር ታጠበ፤ ደብሩም ሌላ መዝገብ አልያዘም። የክርስትና አባቱ ቅንድቡን አሰፍቶ ሰፈር ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም። አባቴም ልጄ ከእንግዲህ እዚያ ግቢ አይደርስም ብሎ ማለ፣ ስለዚህ ለቁርባን እንኳ ስሙን የጠየቀው የለም። እናታችን ታውቀው ነበር። ታማ በተኛች ጊዜ ከዚህ በየቀኑ እየደወልኩ መድኃኒቷን ስትውጥ በስልክ እቆጥርላት ነበር። ሁሉን በደብተር የምጽፍ ሴት ነኝ። ይህን አንዱን ሳልጠይቃት ሞተች።

በሰፈር ያለው ስሙ ግን ዕረፍት አልሰጠውም። ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለ ልጆች አትላስ ከሆንክ ተሸከመና እያሉ ጀርባው ላይ ይከመሩ ነበር። አንድ ቀን ሦስት ሆነው አስፋልቱ ላይ በፊቱ ደፉት፤ ከንፈሩ ለሁለት ተከፍሎ መጣ። አባቴ ቁስሉን አየ፣ ቀበቶውን ፈታ።

«ዓለም የሚሸከም ሰው ሦስት ውሪ ያቅተዋል?»

የገረፈው ስለተጣላ ሳይሆን ስለወደቀ ነው። እኔ መሃል ገብቼ ዘለበቱ ክንዴ ላይ አረፈ፤ ምልክቱ አለ። በማግስቱ ወንድሜ ከሦስቱ የአንዱን ጆሮ ነክሶ ደም በደም ሆኖ ገባና አባቴ ፊት ቆመ። አባቴ ጉንጩን ሳመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሸክም ጥሎ አያውቅም። ወንድሜ የሞተው መጋዘኑ በር ላይ ሳይሆን በዚያ መሳም ነው እላለሁ አንዳንዴ። አባቴን ነፍስ ይማር፣ ይህን ስል ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

አሮጊቷ ያን ዕለት እግራቸውን ካደረቅሁላቸው በኋላ የሟቹን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰው በዚህ ስም ይጠራል ወይ አሉኝ፣ እሳቸው በአገራቸው ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ተረቱን አወሩልኝ። ጀግና አይደለም። ከአማልክት ጋር ተዋግቶ የተሸነፈ ነው። የተሸከመውም ምድርን አይደለም፣ ሰማይን ነው፤ ቅጣቱ ነው፣ እንዳያወርደው ተፈርዶበታል።

«ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ ብላችሁ የጠራችሁት?» አሉኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ የምከትፍበትን ቢላዋ አነሳሁና መክተፊያው ላይ ደጋግሜ ሰካሁት። በዚያ ሰዓት የማስበው ያን ፌሮ የያዘ እጅ ነው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፣ ለእናንተም አልደብቅም። የሰው ልጅ ክፉ ነው፣ እኔም ሰው ነኝ።

ተዝካሩ ሊደርስ ነው። እዚህ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ሄጄ ቄሱን ጸልዩልኝ ስላቸው ብዕር አወጡና ስም ጠየቁኝ። አትላስ ስላቸው ብዕሩን አስቀመጡት። እግዚአብሔር ማንን እንደምንለምን ያውቃል፣ አትጨነቂ አሉኝ። ልሄድ ስነሳ ግን ጠሩኝ፤ «አንቺ ግን ፈልጊ፣ የሰማ ሰው አይጠፋም» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ ትተውለታል።

ለዚህ ነው የጻፍኩት። በዚያ ክረምት አቃቂ፣ ደጀ ሰላሙ ሥር ከዝናብ የተጠለላችሁ፤ የሰውየውን የተተረተረ ቅንድብ በነጠላዋ ያሰረችው እናት፤ ከእኛ ልጅ ቀጥሎ ልጃችሁን ያስጠመቃችሁ ወላጆች፤ አንተም ቅንድብህ ላይ ጠባሳ ያለብህ የወንድሜ የክርስትና አባት፣ በሕይወት ካለህ። ስለ ጠቡ አልጠይቃችሁም፣ ማን ጀመረ፣ ማን መታ አልልም። ቄሱ ያን ቀን «ኃይለ» ካሉ በኋላ ያሉትን ንገሩኝ። ለአጎቴ ብትነግሩት ይደርሰኛል፤ አሁንም እዚያው ሰፈር ነው፣ የፊት ሁለት ጥርስ የለውም።