ሰው ያልሞተበት ሩጫ

ታንጉት ለባሏ አላለቀሰችም። ነገሩን ከዚህ መጀመር ይሻላል፤ ጋይንት ውስጥ ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ነውና። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደምሌ በአምስት ቀን ሕመም ሲሞት፣ አስከሬኑ ከቤት እስኪወጣ፣ ከዚያም አፈር እስኪለብስ ድረስ ዝም ብላ ቆመች። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ የድንኳኑን ገመድ ታይ ነበር። አንዱ ካስማ ላልቷል፤ ማን ያጠብቀው ይሆን እያለች ታስብ ነበር።

አማቷ ወይዘሮ ብርቄ ይህን አይተዋል። "ለልጄ አንዲት ዘለላ እንባ ነፈገችው" አሉ፤ በአርባው ተዝካር ላይም አላናገሯትም። ታንጉት አልተቀየመችም፤ ለመቀየምም እኮ ልብ ያስፈልጋል። የሚያስፈራት ሌላ ነገር ነበር። ሴትዮዋ እውነታቸውን ቢሆንስ? ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ሳልወደው ኖሬ ይሆን? ይህን ደግሞ ማንንም መጠየቅ አትችልም።

ንፋስ መውጫ ከተማ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ደብዳቤ ትመዘግባለች፤ ቢሮው ሲስቅ ትስቃለች፤ ምሳ ሲቀርብ ትበላለች። ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው ግን አታውቅም። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ትዕግሥት አብራት የተማረች ናት። መድኃኒት አልሰጠቻትም።

"አንቺ ደብረ ታቦር ድረስ ሄደሽ ለወረዳው የሮጥሽ አይደለሽም እንዴ? በይ ሩጪ" አለቻት።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሁለት ሞልቷታል። ታንጉት አልተከራከረችም። ኅዳር ላይ ከጥቁር ቀሚሷ ሥር ቱታ ለብሳ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራ፣ ጎህ ሲቀድ ወጣች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ጎኗን ወጋትና መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ነፋሱንማ የከተማዋን ስም ያወጣ ሰው ያውቀዋል። በማግሥቱ ጆሮዋን ከነፋስ ለመከለል የደምሌን ስልክ ይዛ ማዳመጫውን ሰካችው።

ደምሌ ባሕር ዳር ሲማር ሮክ የሚሉትን ሙዚቃ ለምዶ መጥቶ ነበር፤ ሜሞሪው ጢም ያለው በእሱ ነው። በሕይወት ሳለ ታንጉት "እነዚህን ሰዎች ጥርሳቸውን ያለ ማደንዘዣ እየነቀሏቸው ነው?" እያለች ታስዘጋው ነበር። አሁን አላስጠላትም። አላስደሰታትምም። ከበሮው እግሯን ይመራላታል፣ ጊታሩ ሐሳቧን ይሸፍንላታል፣ ዘፋኙ ደግሞ ይጮኻል። የሚለውን አታውቅም። ይጩኽ፤ ቢያንስ አንድ ሰው እየጮኸ ነው።

በየማለዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ድልድይ ጋ ደርሳ ትመለሳለች። ከድልድዩ ወዲያ የወይዘሮ ብርቄ መንደር ነው። ጥር አጋማሽ ላይ ግን አንድ ማለዳ፣ ዘፈኑ ረዘመ ወይም እግሯ ቀለላት፣ ሳይታወቃት ድልድዩን አለፈችው።

ታንጉት አንድ ነገር ዘንግታለች። በገጠር ትልቅ ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም። የሚሮጥ ከታየ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ በሬ ገደል ገብቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። መርዶ ደግሞ የሚነገረው በማለዳ ነው። ከተሜው ስትሮጥ ማየት ለምዶ ነበር፤ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ሰው ግን አይቷት አያውቅም።

አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁት አቶ ቀለመ ወርቅ ጥቁር የለበሰችውን ሴት ከሩቅ አዩ። የወይዘሮ ብርቄ ጎረቤት ናቸውና ማንነቷን ለዩ። መንሻቸውን እንደያዙ ወደ መንገዱ ወጥተው "ምነው ልጄ? መርዶ ነው ወይ?" ብለው ጮኹ። ታንጉት አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየች። የሚያበረታቷት መሰላትና ራሷን ነቅንቃ አለፈች።

አቶ ቀለመ ወርቅ አዎ ማለቷ መሰላቸውና መንሻቸውን ጥለው በአቋራጭ ወደ ወይዘሮ ብርቄ ቤት ወረዱ። ወይዘሮ ብርቄ የቀራቸው ልጅ አንድ ካሳ ነው። እሱም መስከረም ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ እንደ ወረደ ድምፁ አልተሰማም። ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገም።

ታንጉት ከመታጠፊያው ስትወጣ የአማቷ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወይዘሮ ብርቄ መሬት ላይ ወድቀዋል፣ ሴቶች ይዘዋቸዋል፣ የሁሉም አፍ ተከፍቷል። ማዳመጫውን ነቀለችው። ጩኸቱ ግን አልቆመም።

"ካሳዬ! ካሳዬ!"

"እሜቴ፣ ማንም አልሞተም!" አለች እያለከለከች።

"ታዲያ ምን አስሮጠሽ?" አሉ አቶ ቀለመ ወርቅ።

"ስፖርት ነው።"

"ስፖርት!" አሉ፤ እንደ ስድብ ተፉት። በሬዎቻቸው አውድማ ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ይኼኔ ገብሱን እየጨረሱት ነው። እያጉረመረሙ ተመለሱ። የቀረውም ሰው ገሚሱ እየሳቀ፣ ገሚሱ እየረገመ ተበተነ።

ወይዘሮ ብርቄ ከወደቁበት ተነሥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

"ለሞተው ሳታለቅሺ፣ ላልሞተው አስለቀስሽኝ" አሉ።

"እንባው እምቢ አለኝ፣ እሜቴ። ፈልጌ አጣሁት።" ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። "እኔም ፈርቻለሁ። ደርቄ ቀርቼ እንደሆነ እንጃ።"

አሮጊቷ ከታንጉት አንገት የተንጠለጠለውን የማዳመጫ ገመድ አዩ። "ይኼስ?"

"የደምሌ ነው። ሲሰማው የነበረ ዘፈን።"

"በሐዘንሽ ዘፈን!" ብለው ተቆጡ፤ ግን የደምሌ ስም ይዟቸው እጃቸውን ዘረጉ። ታንጉት ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ፊታቸው ተኮማተረ። ያወጡታል ብላ ጠበቀች፤ አላወጡትም።

"ይኼ ዘፈን አይደለም" አሉ። "እነዚህስ ማን ሞቶባቸው ነው?"

"እኔንጃ፣ ቋንቋቸውን አላውቅም። ያቃተኝን ሲጮኹልኝ እሰማለሁ እንጂ።"

ወይዘሮ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ አዳመጡ። ከዚያ ማዳመጫውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መለሱላት።

"ነገም ትሮጫለሽ?"

"እሮጣለሁ መሰለኝ።"

"እንግዲያ በዚህ በኩል ነይ። ግን ከመታጠፊያው ስትወጪ እጅሽን አንሺልኝ፤ ሰው አለመሞቱን ልወቅ።"

ታንጉት እሺ ልትል አፏን ከፈተች። በቃሉ ፈንታ አንዲት ዘለላ እንባ ዱብ አለች።